ሊፖሶም ምንድን ነው? የቆዳና የአፍ ኢንፌክሽን መድኃኒት በስብ ከረጢት ሲጫን

ቸርችል ጎዳና ላይ ካሉት ፋርማሲዎች አንዱ ገብቶ የጭርት ቅባት የሚጠይቅ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ይዞ የሚወጣው ክሎትሪማዞል 1 በመቶ ክሬም ነው። ቤቱ ገብቶ ይቀባዋል። ከተቀባው ውስጥ ብዙው ልብስ ላይ ይቀራል፣ በላብ ይታጠባል ወይም እላይ ደርቆ ይረግፋል። ፈንገሱ ያለበት ቦታ የሚደርሰው ጥቂቱ ነው። ሊፖሶም የመጣው ለዚህ ችግር ነው። ከሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር ይታወቅ፦ ሊፖሶም መድኃኒቱን ኃይለኛ አያደርገውም። የሚለውጠው የሚያርፍበትን ቦታና የሚቆይበትን ጊዜ ነው።

ሊፖሶም ማለት ግድግዳዋ ስብ፣ ሆዷ ውሃ የሆነ ኢምንት ከረጢት ናት። ግድግዳዋ ፎስፎሊፒድ ከሚባል ስብ ይሠራል፤ የእንቁላል አስኳልና አኩሪ አተር ውስጥ ያለው ሌሲቲን የዚሁ ወገን ነው። ፎስፎሊፒድ አንድ ራስና ሁለት ጅራት አለው። ራሱ ውሃ ይወዳል፣ ጅራቶቹ ውሃ ይሸሻሉ። ውሃ ውስጥ ሲገባ ጅራቶቹ እርስ በርስ ተጠጋግተው ይደበቃሉ፣ ራሶቹ ወደ ውጭ ይዞራሉ፤ ከ4 እስከ 5 ናኖሜትር የሚወፍር ባለ ሁለት ረድፍ ንጣፍ ይሆናል። የንጣፉ ጠርዝ ለውሃ ተጋልጦ መቆየት ስለማይችል ራሱን ጠቅልሎ ይዘጋል። ከረጢት ሆነ ማለት ነው። ወተት ውስጥ ካሉት የቅባት ጠብታዎች የሚለየውም እዚህ ላይ ነው፤ የወተት ጠብታ ውስጡ ስብ ብቻ ነው፣ ሊፖሶም ግን ውስጧ ውሃ ይዛለች። ስለዚህ እንደ ክሎትሪማዞል ስብ የሚወደው መድኃኒት ግድግዳዋ ውስጥ ይሸጎጣል፣ እንደ ባክቴሪያ መድኃኒቱ ቫንኮማይሲን ውሃ የሚወደው ሆዷ ውስጥ ይቋጠራል።

እንግሊዛዊው አሌክ ባንግሃም እነዚህን ከረጢቶች የለያቸው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ካምብሪጅ አጠገብ በሚገኘው የባብራም ተቋም ነው። ቆዳ ላይ ለሚቀባ ገበያ ከደረሱት ሊፖሶሞች የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1988 ስዊዘርላንድ ውስጥ የወጣው የኢኮናዞል ጄል፣ ፔቫሪል ሊፖጄል ነው። የፈንገስ መድኃኒት መሆኑ አያስገርምም። እኛ አገር ሐኪሞች ይበልጥ የሚያውቁት አምቢዞም ግን የተለየ ነው። እሱ ለካላዛር በደም ሥር የሚሰጥ ሊፖሶማዊ አምፎቴሪሲን ነው፤ የሚቀባ አይደለም።

ወደ ቆዳው እንመለስ። የላይኛው የሞተ ሽፋን ከ10 እስከ 20 ማይክሮሜትር ቢወፍር ነው፤ ግን እንደ ድሮ የፒያሳ ግንብ ነው፦ የደረቁት ሕዋሶች ድንጋዩ፣ በመካከላቸው ያለው ስብ ጭቃው። መድኃኒት የሚያልፈው በዋናነት በጭቃው በኩል ነው፤ ሞለኪሉ ከ500 ዳልተን (የሞለኪል ክብደት መለኪያ) ከበለጠ ደግሞ እምብዛም አያልፍም። ክሎትሪማዞል 345 ዳልተን ስለሆነ ይቀናዋል። አምፎቴሪሲን 924፣ ቫንኮማይሲን ወደ 1,450 ስለሆኑ ጤነኛ ቆዳን አልፈው የመግባት ዕድላቸው የመነመነ ነው።

ታዲያ ሊፖሶሟ ሙሉ ሆና ቆዳውን ሰርስራ ትገባለች? ማስታወቂያው እንደዚያ ይላል፤ የተለመደዋ ሊፖሶም ግን አትገባም። የላይኛው ሽፋን ላይ ስትደርስ ትፈርሳለች፣ ስቧ ከቆዳው ስብ ጋር ይቀላቀላል፣ የያዘችው መድኃኒት እዚያው ይከማቻል። የተወሰኑት ደግሞ በፀጉር ቀዳዳ ወርደው ይቀመጣሉ። ለጭርትና ለፀጉር ሥር ኢንፌክሽን የሚፈለገውም ይኸው ነው፤ ፈንገሱ የሚኖረው እዚያ ነውና። ወደ ደም የሚገባው መጠን ሲያንስ ጉዳትም ያንሳል። ጠልቆ መግባት ሲፈለግ ሌላ ዝርያ ይሠራል። ግድግዳው ላይ አለስላሽ ተጨምሮበት የሚተጣጠፈው ትራንስፈርሶም፣ ከ20 እስከ 45 በመቶ አልኮል የያዘው ደግሞ ኢቶሶም ይባላል። አልኮሉ ግን የተላጠ ቁስልን ይለበልባል።

አፍና የሴት ብልት ላይ ያለው ችግር ሌላ ነው። እርጥቡ የውስጥ ሽፋን ደረቅ ግንብ ስለሌለው መግባቱ አያስቸግርም፣ የሚያስቸግረው መቆየቱ ነው። ምራቅ በቀን ከግማሽ ሊትር እስከ አንድ ሊትር ተኩል ይፈልቃል፤ የተቀባውን ጄል በደቂቃዎች ያጥበዋል። መፍትሔው ሊፖሶሟን በካይቶሳን ማልበስ ነው። ካይቶሳን ከሽሪምፕና ከሸርጣን ቅርፊት የሚወጣ አዎንታዊ የኤሌክትሪክ ኃይል የያዘ ነገር ሲሆን፣ ንፍጡ አሉታዊ ስለሆነ ይጣበቃል። የሚሟሟው ግን ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ፣ ሲያንስ አሲዱ ይበዛል) ከ6.5 በታች ሲሆን ነው። ፒኤቹ ከ3.8 እስከ 4.5 የሆነው ብልት ስለዚህ ይስማማዋል፣ ወደ 7 የሚጠጋው ምራቅ ግን ብዙም አይመቸውም።

አሠራሩ ምን ይመስላል? በፋርማሲ ትምህርት ቤት የሚለመደው የስስ ንጣፍ ዘዴ ነው። ለ10 ሚሊ ሊትር 160 ሚሊ ግራም የአኩሪ አተር ፎስፋቲዲልኮሊን (አንድ የፎስፎሊፒድ ዓይነት)፣ 40 ሚሊ ግራም ኮሌስትሮልና ከ10 እስከ 20 ሚሊ ግራም ክሎትሪማዞል ይመዘናል። ኮሌስትሮሉ ግድግዳውን ያጠብቃል፤ ሳይኖር ሲቀር ሆዷ የያዘችው ያፈሳል። ሁሉም ክሎሮፎርምና ሜታኖል 2 ለ1 በተቀላቀለ ፈሳሽ 10 ሚሊ ሊትር ይሟሟና 100 ሚሊ ሊትር በሚይዝ ክብ ብልቃጥ ሮታሪ ኢቫፖሬተር (ብልቃጡን እያሽከረከረ ፈሳሹን በቫኪዩም የሚያተን መሣሪያ) ላይ በ40 ዲግሪ ይሽከረከራል። ቫኪዩሙ ቀስ እያለ ነው የሚወርደው፤ በአንዴ ከተሳበ ፈሳሹ ገንፍሎ ስቡ ሁሉ እንፋሎቱን መልሶ ፈሳሽ የሚያደርገው ኮንደንሰር ውስጥ ይገባል።

አዲስ አበባ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ከተማዋ ከባሕር ወለል ወደ 2,350 ሜትር ከፍ ስለምትል የአየር ግፊቷ ወደ 0.77 ባር ነው። የውጭ መመሪያ «ጌጁ (ከውጭው አየር በታች ያለውን ግፊት የሚያሳየው መለኪያ) −0.8 ባር እስኪደርስ» ቢል እዚህ ከተማ ፈጽሞ አይደርስም፣ ሙሉው አየር ቢወጣ እንኳ −0.77 ነው። ፓምፑ ተበላሽቷል ተብሎ የሚፈታው በከንቱ ነው፤ መነበብ ያለበት ከባዶ ተነሥቶ የሚለካው ፍጹም ግፊቱ ነው። ክሎሮፎርምም በባሕር ወለል በ61 ዲግሪ የሚፈላውን እዚህ በ53 አካባቢ ይፈላል፣ ስለዚህ ቫኪዩሙ ያን ያህል መጥበቅ የለበትም።

ንጣፉ ብልቃጡ ላይ እንደ ጉም ስስና እኩል ሆኖ ሲታይ ጥሩ ነው፤ እንደ ጠብታ ከተቋጠረ ይጣላል፣ ወይም እንደገና ሟሙቶ ይጀመራል። የቀረው ክሎሮፎርም እንዲወጣ ቫኪዩም ውስጥ ያድራል። ለሰው በሚሰጥ መድኃኒት የሚፈቀደው የክሎሮፎርም ቅሪት በሚሊዮን 60 ክፍል ብቻ ስለሆነ፣ ለገበያ ሲሠራ አልኮልን ወደ ውሃ በመርፌ የመክተት ዘዴ ይመረጣል። ከዚያ 10 ሚሊ ሊትር በፈር (ፒኤቹ የማይዋዥቅ የጨው ውሃ) ይጨመርና ያለ ቫኪዩም ለአንድ ሰዓት ይሽከረከራል። የአኩሪ አተሩ ስብ በክፍል ሙቀት ይለቃል፤ ጠጠር ካሉት ፎስፎሊፒዶች ዲፒፒሲ ከሆነ ግን ከ41 ዲግሪ፣ ዲኤስፒሲ ከሆነ ከ55 በላይ መሞቅ አለበት። ካልሞቀ ቅንጥብጣቢው ብልቃጡ ላይ ይቀራል። የሚወጣው እንደ ወተት ነጭ ነው፣ በውስጡ እንደ ሽንኩርት የተደራረቡ ከረጢቶች አሉ። እነዚህ 400፣ 200፣ 100 ናኖሜትር ቀዳዳ ባላቸው ወንፊቶች በግፊት ይጣራሉ። በእጅ በሚገፋው ባለ ሁለት ሲሪንጅ መሣሪያ የማለፊያው ቁጥር ጎዶሎ፣ ለምሳሌ 11 ነው፤ ጎዶሎ ካልሆነ የተጣራው ያልተጣራው ጭቃ ወደ ቀረበት ሲሪንጅ ይመለሳል።

ብዙ ተማሪ የሚረሳው ስሌት አለ። ከላይ የተጻፈው ድርሻ በሚሊ ሊትር ከ1 እስከ 2 ሚሊ ግራም መድኃኒት ይይዛል። ከ2 በመቶ የካርቦፖል (ውሃን የሚያወፍር ነገር) ጄል ጋር እኩል ለእኩል ሲቀላቀል የመጨረሻው ከ0.05 እስከ 0.1 በመቶ ነው። ገበያ ላይ ያለው ክሬም 1 በመቶ ነው። መድኃኒቱና ስቡ 1 ለ10 ሲሆኑ 1 በመቶ ለመድረስ በአንድ ግራም ጄል 100 ሚሊ ግራም ስብ ያስፈልጋል። ዋጋው የሚወደደው እዚህ ነው፤ ስለዚህም ተራ ክሬምን እኩል መጠን ካለው ሊፖሶም ጋር ያላነጻጸረ ሙከራ ብዙ አይነግረንም።

ለባክቴሪያ ሲሆን የሚጠቅምበት ቦታ ባዮፊልም ነው። ቁስል ላይ ባክቴሪያዎች ራሳቸው በሠሩት አተላ ውስጥ ሲሸሸጉ ከመድኃኒቱ እጅግ ብዙ እጥፍ ያስፈልጋል፤ አዎንታዊ ኃይል ያላቸው ሊፖሶሞች አተላው ላይ ተጣብቀው በቅርብ ይለቃሉ። ላቦራቶሪ ላይ ስታፍ የሚባለው የቁስል ባክቴሪያ የሚያመነጨው መርዝ ራሱ የሊፖሶሙን ግድግዳ ሲበሳና መድኃኒቱ ባክቴሪያው ባለበት ሲፈስ ታይቷል። መግል የቋጠረ እባጭ ላይ ግን ማንኛውም ጄል ከንቱ ነው፤ መከፈትና መፍሰስ አለበት።

ማስቀመጫው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ነው። ፍሪጅ ውስጥ የኋላው ግድግዳ ላይ ተለጥፎ የቀዘቀዘ ጄል ሲሟሟ መልኩ ያው ሊሆን ይችላል፣ ከረጢቶቹ ግን በበረዶው ተወግተው አፍስሰዋል። ፀሐይ ያገኘው ደግሞ ስቡ ይሻግታል፦ ቢጫነትና የከረመ ዘይት ሽታ ምልክቱ ነው። ላዩ ላይ ውሃ የለየ ጄልም አይቀባም።

ሲቀባ ቆዳው በደንብ ታጥቦ፣ ሳሙናው ሙሉ በሙሉ ለቆ፣ ደርቆ መሆን አለበት። ሳሙና ሊፖሶምን ያፈርሳል፤ ዱሮውንም ሳሙና ስብን የሚያለቅቅ ነገር ነው። ከጣት ጫፍ እስከ መጀመሪያው አንጓ የተጨመቀ ጄል ግማሽ ግራም ያህል ነው፣ የሁለት መዳፍ ስፋት ይሸፍናል። ከጭርቱ ጠርዝ ሁለት ሴንቲ ሜትር አልፎ ይቀባል። ቫዝሊን ቀድሞ ከተቀባ ጄሉ ቆዳውን አይነካም፤ መዳፍ ላይ ከሌላ ክሬም ጋር መለወስም በዚያው ልክ ያበላሸዋል፣ በተለይ ቤታሜታዞን የሚባለው ስቴሮይድ ካለበት። ቤታሜታዞን መቅላቱንና ማሳከኩን ያበርደዋል፣ ፈንገሱ ግን ከሥር መስፋፋቱን ይቀጥላል፣ ጭርቱም ሐኪሙ እንኳ የማያውቀው መልክ ይይዛል።