ዊዳል ፖዘቲቭ ስለሆነ ታይፎይድ አይባልም

ለጤና ባለሙያዎች በሚሰጠው ተከታታይ የሙያ ማጎልበቻ ስልጠና ላይ ስለ ትኩሳት ባስተማርኩ ቁጥር ስለ ዊዳል፣ ማለትም ለታይፎይድ ስለሚታዘዘው የደም ምርመራ፣ ያው ጥያቄ ይነሳል፤ «ዶክተር፣ ዊዳሉ ፖዘቲቭ ከሆነ ለምን አላክምም?» ጠያቂው አንዳንዴ አሥር ዓመት የሠራ ሰው ነው። መመለሱ ሰልችቶኛልና ልጻፈው።

«ዊዳል ፖዘቲቭ ከሆነ ታይፎይድ ነው።» አይደለም! ምርመራው እ.ኤ.አ. በ1896 የወጣ ሲሆን ተህዋሱን አያገኝም፤ የሚያሳየው ሰውነት ተህዋስን ለመከላከል የሠራውን አንቲቦዲ ነው። አንቲቦዲው ደግሞ ከወራት በፊት ታሞ ከዳነ ሰው፣ ሌላ የሳልሞኔላ (የታይፎይድ ተህዋስ ወገን) ዝርያ ካገኘው፣ ወባ ከያዘውም ሰው ደም ውስጥ ይወጣል። በሽታው በሚበዛበት አገር 1:80 የሚያሳይ፣ ማለትም ሴረሙ (የደሙ ውሃ) 80 እጥፍ ቀጥኖም ምላሽ የሚሰጥ ጤነኛ ሰው ሞልቷል። ውጤቱ ቁም ነገር የሚኖረው ከሳምንት እስከ ሁለት ሳምንት ቆይቶ በተወሰደ ሁለተኛ ናሙና መጠኑ አራት እጥፍ ሲያድግ ነው። ሁለተኛ ናሙና የሚልክ ሐኪም ግን እስካሁን አላጋጠመኝም።

በዚያ ላይ በብዙ ቦታ የሚሠራው በስላይድ (በመስታወት ላይ) ነው። የሴረም ጠብታ፣ የሪኤጀንት (የመመርመሪያ ፈሳሽ) ጠብታ፣ ማወዛወዝ። ባለሙያው በሌላ ሥራ ተይዞ ጥቂት ከዘገየ ጠብታው ከጠርዙ መድረቅ ይጀምርና እንደ ፖዘቲቭ ውጤት የተቋጠረ ይመስላል። እሱም «ሪአክቲቭ» ተብሎ ይጻፋል።

አንዲት እናት ከፌስታል ውስጥ አራት የተጣጠፉ የላቦራቶሪ ወረቀቶች አውጥተው ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጉልኝ። አራቱም ላይ የዊዳል ውጤት ኦ 1:160 ተጽፏል (ኦ ከተህዋሱ አንቲጂኖች አንዱ ነው)። በስምንት ወር ውስጥ አራት ጊዜ ሲፕሮፍሎክሳሲን የተባለውን አንቲባዮቲክ ወስደዋል፤ በወሰዱ ቁጥር ለጥቂት ቀን ይሻላቸውና ይመለስባቸዋል። «ታይፎይዱ አልለቅ አለኝ ልጄ» አሉኝ። ሌሊት ያልብዎታል ወይ ብሎ የጠየቃቸው አልነበረም። አንገታቸውን ስዳስስ ያበጡ እጢዎች እጄ ላይ መጡ። ናሙናው ሲመረመር የእጢ ቲቢ ሆኖ ተገኘ። ሲፕሮፍሎክሳሲንና ዘመዶቹ የቲቢን ባክቴሪያ ለጊዜው ስለሚያዳክሙ በሽታው ሳይታወቅ እንዲቆይ ያደርጋሉ። ስምንት ወር ሙሉ!

«ዊዳል ኔጌቲቭ ከሆነ ታይፎይድ የለም።» በመጀመሪያው ሳምንት አንቲቦዲው ገና ላይወጣ ይችላል።

«ከሕክምና በኋላ እስኪጠፋ ድረስ ይደገም።» አይደገም፤ አንቲቦዲው ታካሚው ድኖም ለወራት ይቆያል።

«ታይፎይድና ታይፈስ አብረው ይመጣሉ።» ስማቸው ስለተቀራረበ እንጂ ዝምድና የላቸውም። አንዱ በተበከለ ምግብና ውሃ የሚመጣ የአንጀት ተስቦ ነው፤ ሌላውን የሰውነት ቅማል ያስተላልፈዋል። ለታይፈስ የምናዘው ዌል ፊሊክስ የተባለ የደም ምርመራ የሚሠራው ፕሮቲየስ በተባለ ሌላ ባክቴሪያ አንቲጂን ስለሆነ በፕሮቲየስ የመጣ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽንም ፖዘቲቭ ያደርገዋል።

ታዲያ ምን እናድርግ ለምትሉኝ፦ ትኩሳቱ ስንት ቀን እንደሆነው፣ ሰውየው ከየት እንደመጣ ጠይቁ። የደም ፊልም አሠሩ፤ ወባ ባይታይ እንኳ የሚያገረሽ ትኩሳት የሚያመጣው ባክቴሪያ፣ ቦረሊያ፣ ሊታይ ይችላል። የልብሱን ስፌት ገልጣችሁ ቅማል ፈልጉ። ካልቸር (ባክቴሪያውን ከደም አሳድጎ የሚለይ ምርመራ) ካለ አንቲባዮቲክ ከመጀመሩ በፊት ደም ላኩ፤ ሁሉንም ባይዝም ከዊዳል እጅግ ይሻላል። ካልቸር በሌለበት ጤና ጣቢያ በምልክት ተነስታችሁ ብታክሙ አልፈርድባችሁም። ግን ካርዱ ላይ «በጥርጣሬ» ብላችሁ ጻፉ፣ ቀጠሮም ስጡ። ሳምንት ሞልቶት ትኩሳቱ ካልበረደ ዊዳሉን አታስደግሙ፤ ታካሚውን አስተኝታችሁ አንገቱንና ብብቱን ዳስሱ።