የሥራ ላይ ጉዳት ካሳ

የሥራ ላይ ጉዳት ካሳ አንድ ሠራተኛ በሥራ ላይ ሳለ ወይም በሥራው ምክንያት ሲጎዳ፣ ሲታመም ወይም ሲሞት ለራሱ ወይም ለጥገኞቹ የሚከፈል ገንዘብና የሚሰጥ ሕክምና ነው። በአብዛኞቹ አገሮች ሠራተኛው የአሠሪውን ጥፋት ማስረዳት አይጠበቅበትም፤ ጉዳቱ ከሥራው የመጣ መሆኑ ይበቃል። (ከዚህ በታች ያሉት ቀኖችና ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ድሮ እንዲህ አልነበረም። በ1837 እንግሊዝ ውስጥ ውሳኔ ባገኘ አንድ ጉዳይ፣ በአንድ ሥጋ ነጋዴ ዘንድ የተቀጠረ ፕሪስትሊ የተባለ ሠራተኛ የተሳፈረበት ጋሪ ጭነት በዝቶበት ተሰብሮ ጭኑ ተሰብሮ ነበር። በሥር ፍርድ ቤት 100 ፓውንድ ቢፈረድለትም በላይኛው ችሎት ተሻረበት። ዳኛው ሎርድ አቢንጀር የሰጡት ምክንያት ዛሬ ሲነበብ ያስገርማል፦ ይህ ክስ ከተፈቀደ፣ ገረዲቱ እርጥብ አልጋ ላይ ስላስተኛችው ብቻ አሽከር ጌታውን ሊከስ ነው! ከዚያ በኋላ አሠሪዎች ሦስት መከላከያ ነበራቸው። ጉዳቱን ያደረሰው የሥራ ባልደረባ ከሆነ አሠሪው አይጠየቅም፤ ተጎጂው ራሱ ጥቂት እንኳ ካጠፋ ካሳ የለም፤ አደጋ መኖሩን እያወቀ ሥራውን ከገባበት ደግሞ ፈቅዶ እንደገባ ይቆጠራል። ማሽን እጁን የቆረጠው ሰው ብዙ ጊዜ ከሦስቱ በአንዱ ይረታ ነበር።

መንገዱን የቀየረችው ጀርመን ናት። በመራሔ መንግሥቱ በቢስማርክ ዘመን በ1884 የወጣው ሕግ አሠሪዎች በየኢንዱስትሪያቸው ተደራጅተው የአደጋ መድን እንዲያቋቁሙና መዋጮውን ራሳቸው እንዲሸፍኑ አስገደደ። እንግሊዝ በ1897 ተከተለች። አሜሪካ ውስጥ የኒው ዮርክ ግዛት የመጨረሻው ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት የግዛቲቱን የካሳ ሕግ መጋቢት 24 ቀን 1911 ሻረ፤ በማግስቱ በኒው ዮርክ ከተማ የትሪያንግል ልብስ ስፌት ፋብሪካ ተቃጥሎ 146 ሰዎች ሞቱ። ኒው ዮርክ በኋላ ሕገ መንግሥቷን አሻሽላ ሕጉን መልሳ አወጣች። ከግዛቶቹ ሁሉ የመጨረሻዋ ሚሲሲፒ ስትሆን ጊዜው 1948 ነበር።

በብዙ አገሮች ሥርዓቱ የቆመው በመስጠትና በመቀበል ነው። ሠራተኛው ጥፋት ሳያስረዳ ይከፈለዋል፤ በምላሹ አሠሪውን በፍርድ ቤት ከስሶ ሙሉ ኪሣራውን የመጠየቅ መብቱን ይተዋል ወይም ይጠብበታል። ስለዚህ የሚያገኘው ገንዘብ እርግጠኛ ቢሆንም ከደረሰበት ጉዳት ያንሳል። ለሥቃይና ለኅሊና ጉዳት ብዙ ጊዜ አይከፈልም። የሚከፈለው የሕክምና ወጪ፣ ከሥራ ለቀረበት ጊዜ የደመወዙ ክፍል፣ ለዘላቂ የአካል ጉዳት እንደ ጉዳቱ መጠን የሚሰላ ካሳ፣ ሲሞትም ለጥገኞች የሚሰጥ ድጎማ ነው። የዓለም የሥራ ድርጅት በ1964 ያወጣው 121ኛው ስምምነት ለጊዜያዊ የአካል ጉዳት ዝቅተኛውን መጠን ከደመወዝ 60 በመቶ አድርጎታል።

ክርክሩ ግን አልቀረም፤ ቦታውን ነው የቀየረው። «ማን አጠፋ?» የሚለው ቀርቶ «ከሥራው ነው ወይ?» ሆነ። ከመሰላል ወድቆ እግሩ የተሰበረ ግንበኛ ጉዳይ ቀላል ነው። ወደ ሥራ ሲሄድ መኪና የገጨው ሰው ግን በአንዱ አገር ይካሳል፣ በሌላው አይካስም። ሰክሮ የመጣ ወይም ራሱን ሆን ብሎ የጎዳ ሠራተኛ በብዙ ሕጎች ካሳ ይነፈጋል፤ ተራ ቸልተኝነት ግን አያስነፍግም።

ከሁሉ የሚከብደው በሽታ ነው። አስቤስቶስ የሚባለውን የማዕድን ብናኝ የተነፈሰ ሠራተኛ ካንሰር የሚይዘው ከሃያ፣ ከአርባ ዓመት በኋላ ሊሆን ይችላል፤ እስከዚያ ፋብሪካው ተዘግቶ፣ የሥራ ባልደረቦቹም ተበትነው ይሆናል። ለዚህ ሲባል ብዙ አገሮች የበሽታዎችና የሥራ ዓይነቶች ዝርዝር አውጥተው፣ ድንጋይ ፈላጩን ሲሊኮሲስ (ከድንጋይ አቧራ የሚመጣ የሳንባ በሽታ) ቢይዘው ከሥራው እንደመጣ አስቀድመው ይገምታሉ። በዝርዝሩ ያልገባ በሽታ የያዘው ግን የማስረዳቱ ሸክም በእሱ ላይ ይወድቃል።

አሠሪው ለመድን የሚከፍለው መዋጮ (አረቦን) እንደ አደጋው ብዛት ከፍና ዝቅ በሚልበት አገር አሠሪው ለደኅንነት ጥበቃ ገንዘብ ማውጣት ያዋጣዋል። ጉዳቱ የደረሰው ከሥራ ውጭ ነው፣ ሠራተኛው የወደቀው ቤቱ ውስጥ ነው ብሎ መደበቅም እንዲሁ ሊያዋጣው ይችላል። ኒው ዚላንድ በ1974 ሥራ ላይ ያዋለችው ሥርዓት ቤት ውስጥ የወደቀውንም ሥራ ላይ የወደቀውንም በአንድነት ስለሚሸፍን፣ ሕክምና ለማግኘት የአደጋውን ቦታ መደበቅ ትርጉም የለውም። በሌላው ዓለም ግን በስልክ መተግበሪያ ትእዛዝ እየተቀበለ በሞተር ሳይክል ዕቃ የሚያደርስ ሰው ሲገጭ፣ መጀመሪያ የሚነሣው ጥያቄ ጉዳቱ ሳይሆን ሰውየው በሕግ ፊት ሠራተኛ መሆን አለመሆኑ ነው።