«ጥሩ ይስባል» የሚባለው ሬዲዮ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ጎጃም ውስጥ ሬዲዮ ሲገዛ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ይስባል ወይ?» ነው። ከዳንግላ እስከ ደብረ ማርቆስ ማታ ማታ በአጭር ሞገድ ጣቢያ ሲያድን ያደገ ሁሉ ጥያቄውን ያውቀዋል። የአማተር ሬዲዮ ሰዎችም (በትርፍ ጊዜያቸው በሬዲዮ የሚገናኙና የሚሞክሩ) የሚጠይቁት ይህንኑ ነው፤ እነሱ ግን መልሱን በቁጥር ይፈልጉታል። ችግሩ ቁጥሩን ተከትሎ ብዙ የተሳሳተ ወሬ መምጣቱ ነው።

«ሽሽሽ የሚል ድምፅ የበዛበት ሬዲዮ የበለጠ ይስባል።»

አይደለም። ሽሽታ እንዲበዛ ከሆነ ድምፁን ከፍ ማድረግ ይበቃል። ዋናው ነገር ጣቢያው ከሽሽታው በምን ያህል ይበልጣል የሚለው ነው። ሽሽታው ደግሞ ወለል አለው። በክፍል ሙቀት ማንኛውም ተከላካይ (ሬዚስተር) በየ1 ሄርዙ ማይነስ 174 ዲቢኤም (ከ1 ሚሊዋት አንጻር በዴሲቤል የተገለጸ ኃይል) ኖይዝ፣ ማለትም ሽሽታ፣ ያመነጫል። ለሞርስ (በነጥብና በሰረዝ ለሚላክ መልእክት) በሚመች የ500 ሄርዝ ማጣሪያ ሲሰላ ማይነስ 147 ይሆናል። ሬዲዮው የራሱን 10 ዴሲቤል ቢጨምርበት ማይነስ 137 ላይ ይቆማል፤ ይህም 0.03 ማይክሮቮልት ገደማ ነው። እንዲህ ያለው ሬዲዮ በደንብ የሚሰማ ነው።

«የኤስ ሜትሩ መርፌ ከፍ ካለ ሬዲዮው ጎበዝ ነው።»

ኤስ ሜትር የሚገባውን ሲግናል (የጣቢያውን ሞገድ) ጥንካሬ የሚያሳይ መለኪያ ነው። በደንቡ ከ30 ሜጋሄርዝ በታች ኤስ 9 ማለት 50 ማይክሮቮልት ነው፤ ከዚያ በላይ 5 ማይክሮቮልት። እያንዳንዱ ኤስ ደግሞ 6 ዴሲቤል መሆን ነበረበት። ብዙ ሬዲዮዎች ግን በተለይ ከታች በኩል ደንቡን አይከተሉም። መርፌው የፋብሪካው ምርጫ ነው፣ በእሱ ሬዲዮ አይመዘንም።

«0.15 ማይክሮቮልት የተጻፈበት 0.25 ከተጻፈበት ይሻላል።»

ቁጥሩ ሬዲዮው ሊሰማው የሚችለው ደካማ ሲግናል ነው፤ ሲያንስ ይሻላል ይባላል። ግን ላይሻል ይችላል። በስንት ሄርዝ ማጣሪያ ተለካ? ከ2,400 ወደ 500 ሄርዝ መጥበብ ብቻውን ወደ 7 ዴሲቤል ያሳምረዋል። ሲግናሉ ከኖይዙ ጋር እኩል ሲሆን ነው የተለካው ወይስ 10 ዴሲቤል ሲበልጠው? ቮልቴጁስ የተነበበው የሲግናል ጀነሬተሩ (የሙከራ ሲግናል የሚያመነጨው መሣሪያ) ክፍት ሆኖ ነው ወይስ ከሬዲዮው ጋር ተገናኝቶ? ይህ አንዱ ብቻ ቁጥሩን እጥፍ ያደርገዋል። እነዚህ ያልተጻፉበት ቁጥር ማስታወቂያ ነው።

«ለመለካት ትልቅ ላብራቶሪ ያስፈልጋል።»

የሚያስፈልገው መጠኑ የታወቀ ሲግናል ጀነሬተር፣ አተኑዌተር (ሲግናሉን በታወቀ መጠን የሚያዳክም) እና ድምፁን የሚያነብ ቮልት ሜትር ነው። መጀመሪያ ኤጂሲውን (ድምፁን በራሱ የሚያመጣጥነውን ክፍል) አጥፉ። ማጥፊያ ከሌለው ብዙ አትጨነቁ፤ በዚህ ደካማ ደረጃ ብዙ ጊዜ ገና ሥራ አልጀመረም። ጀነሬተሩ ከአንቴና መግቢያው ጋር እንደተገናኘ ሲግናሉን ዝጉትና ሽሽታው ብቻ እየተሰማ ድምፁን 100 ሚሊቮልት እስኪያነብ አስተካክሉ። ከዚያ የድምፅ ቁልፉን አትንኩ። ሲግናሉን ክፈቱና ሜትሩ 141 እስኪደርስ ቀስ እያላችሁ ጨምሩ። ይህ የ3 ዴሲቤል ጭማሪ ነው፤ ሲግናሉና ኖይዙ እኩል ሆነዋል ማለት ነው። ከጀነሬተሩ ዲቢኤም ላይ የአተኑዌተሩን ዴሲቤል ስትቀንሱ መልሱ ይወጣል።

ሁለት ወጥመድ አለ። ርካሽ መልቲሜትር ኖይዝን 1 ዴሲቤል ያህል አሳንሶ ያነባል፤ አንዳንዱ ደግሞ ከ400 ሄርዝ በላይ አይታመንም። ድምፁን በኮምፒውተር ፕሮግራም መለካት ይሻላል። ሁለተኛው ማፍሰስ ነው። ሲግናሉ በገመዱ ሳይሆን በአየር ወይም በመብራት መስመሩ በኩል ሾልኮ ይገባል። ገመዱን ከአንቴና መግቢያው ንቀሉት። ድምፁ አሁንም ከተሰማ ልኬቱ ዋጋ የለውም። ሬዲዮውንና ጀነሬተሩን በባትሪ አስነሱ፣ ጀነሬተሩንም የብረት ሳጥን ውስጥ ክተቱ።

«ቡስተር ከጨመርኩ የበለጠ ሩቅ እሰማለሁ።»

ቡስተር ከአንቴናው የመጣውን ሲግናል የሚያጎላ መሣሪያ ነው። በ7 ሜጋሄርዝ ይጠቅማል? በጭራሽ። በዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ስሌት፣ በዚህ ድግግሞሽ ገጠር ውስጥ እንኳ ሰው ሠራሹ ኖይዝ ከወለሉ ወደ 44 ዴሲቤል ይበልጣል። በ500 ሄርዝ ማይነስ 103 አካባቢ መሆኑ ነው። ማይነስ 137 የሚሰማ ሬዲዮ ወደ ማይነስ 140 ቢወርድ ለማን ይጠቅማል? ከተማ ውስጥ ደግሞ ይብሳል፤ ባሕር ዳር ላይ የኤልኢዲ አምፖሉን፣ ርካሹን ቻርጀር፣ የሶላር መቆጣጠሪያውን ቁጠሩ። ክረምት ሲገባ የጎጃም መብረቅ አለ፤ ያኔ ቡስተሩ የሚያጎላው ነጎድጓዱን ነው። ሙከራው ቀላል ነው። አንቴናውን ስትሰኩ ሽሽታው በግልጽ ከጨመረ ሬዲዮው በቂ ነው። ገንዘባችሁን አንቴናው ላይ አውሉት።

«ጮቄ ተራራ ላይ ሲወጣ ሬዲዮው በደንብ መሳብ ይጀምራል።»

ሬዲዮው ያው ነው። ከ4,000 ሜትር በላይ ሲወጣ የሚለወጠው እይታው ነው፤ በ145 ሜጋሄርዝ አካባቢ ተራራ የሚጠቅመው ለዚህ ነው። በዚያ ድግግሞሽ የውጭው ኖይዝ ስለሚቀንስ፣ በተለይ ከከተማ ርቆ፣ የሬዲዮው የመስማት አቅም እውነትም ዋጋ አለው። ቡስተርም ሊጠቅም ይችላል፤ ቦታው ግን ምሰሶው ላይ፣ ከአንቴናው ሥር ነው። 3 ዴሲቤል የሚበላ ገመድ ከሲግናሉ ግማሹን ኃይል ይወስዳል። ቡስተሩ ታች ከሬዲዮው ጎን ከተቀመጠ ገመዱ የበላውን አይመልስም።