«ጀነራል ኬሚስትሪ ሽምደዳ ናት» እና ሌሎች ፍሬሽ ላይ የሚወሩ ወሬዎች፣ ከነእውነታቸው

ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፍሬሽማን (የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ) የሚያስጠና ሰው በየዓመቱ የሚሰማው ወሬ ያው ነው። ልጁ ገና አልጋው ላይ አንሶላ ሳያነጥፍ አንዱ ሲኒየር ይመጣና ወይ «ጀነራል ኬሚስትሪ ትጥልሃለች» ብሎ ያስፈራራዋል ወይ «ባክህ ቀላል ናት አታካብድ» ብሎ ያዘናጋዋል፣ ልጁም ያንን ይዞ እስከ ሚድ ይሄዳል። ከዛ ደግሞ ከሃይስኩል ይዘነው የመጣነው የኬሚስትሪው የራሱ የተጣመመ ግንዛቤ አለ። ሁለቱን ቀላቅዬ ነው የምጽፈው፣ ቅደም ተከተል አትጠብቁ። ብዙዎቹ ስህተቶች ግን ስራቸው አንድ ነው፦ ቁጥሩን መያዝና ቁጥሩ የሚሰራበትን ሁኔታ መርሳት።

«ሽምደዳ ናት፣ ፔሪዮዲክ ቴብሉን በቃልህ ያዝ በቃ»

ሩሲያዊው ኬሚስት ሜንዴሌቭ እ.ኤ.አ. በ1869 ሰንጠረዡን ሲያወጣ ገና ያልተገኙ ኤለመንቶችን ቦታ ክፍት ትቶ ባህሪያቸው ምን እንደሚሆን ጭምር ተናግሮ ነበር፣ ጋሊየም በ1875፣ ጀርማኒየም በ1886 ሲገኙ ግምቱ በጣም ተቀራረበ። ሰንጠረዡ የሽምደዳ ዝርዝር ቢሆን ያልተገኘ ነገር ከየት ያመጣ ነበር? የተሰራው ከአንዱ ሌላውን እንድትገምቱበት ነው። ሶዲየም አንድ ኤሌክትሮን እንደሚሰጥ ካወቃችሁ እና ፖታሲየም ከስሩ እንዳለ ካያችሁ ሌላ የሚያዝ ነገር የለም። በቃል መያዝ ያለበት አለ አልልም አለ፦ ናይትሬት፣ ሰልፌት፣ ካርቦኔት፣ ፎስፌት፣ አሞኒየም ከነቻርጃቸው፣ ስትሮንግ አሲዶቹ፣ ሶሉቢሊቲ ሩልስ የሚባሉት (የትኛው ጨው ውሃ ውስጥ ይሟሟል የሚሉት)። እሱ ጥቂት ቀን ቢፈጅ ነው።

«12ኛ ክፍል ተምሬዋለሁ፣ ክላስ ምን አስገባኝ»

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እውነትም የምታውቁት ነው፣ ዩኒት፣ ሲግኒፊካንት ፊገር፣ አቶም ምናምን። ችግሩ እሱ ነው። እናንተ ላውንጅ ቁጭ ብላችሁ ቡና ስትጠጡ መምህሩ በዝምታ ስቶይኪዮሜትሪ (ሪአክሽን ላይ ምን ያህል ገብቶ ምን ያህል እንደሚወጣ ማስላት) ይገባል፣ ከዛ በኋላ ያለው ሁሉ እሱ ላይ ነው የሚቆመው።

«ሂሳብ አልችልም ስለዚህ አልችልም»

እዚህ ኮርስ ላይ ያለው ሂሳብ ሬሾ፣ ኤክስፖነንት፣ ትንሽ ሎግ ነው፣ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ) ላይ። ካልኩለስ የለም ማለት ይቻላል። በእኔ ግምት ማርክ የሚበላው ሂሳቡ ሳይሆን ካልኩሌተሩ ነው፦ ለ6.022×10²³ (የሞል ቁጥር ነው፣ ከታች ይመጣል) አካፍሉ ሲባል 6.022 ጽፈው፣ ማባዛት ተጭነው፣ 10 ጽፈው ሃይል 23 ይላሉ፣ ካልኩሌተሩ ደግሞ ለ6.022 ብቻ ያካፍልና በ10²³ ያባዛዋል፣ መልሱ በ10⁴⁶ እጥፍ ይሳሳታል ማለት ነው። ወይ ቅንፍ አድርጉ ወይ ለዚሁ የተሰራችውን የ10 ሃይል ቁልፍ ተጠቀሙ። መልሱ ከወጣ በኋላም እዩት እንጂ፣ «በአንድ ማንኪያ ውስጥ 10⁴⁷ ሞለኪውል አለ» ብሎ አስረክቦ የሚወጣ ልጅ በየዓመቱ አለ።

«ሞል ክብደት ነው»

እዚህ ጋ ቆም እንበል፣ ምክንያቱም ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው፣ የወደቀው ግን ጋዝ ላይ ወይ አሲድ ላይ ይመስለዋል።

ሞል ቆጠራ ነው። አንድ ደርዘን ሎሚና አንድ ደርዘን ፓፓያ ቁጥራቸው እኩል ነው፣ ሚዛን ላይ ግን አይገናኙም፣ በቃ ሞልም እንደዛው ነው፣ ቁጥሩ ብቻ ገዘፈ። እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ ልክ 6.02214076×10²³ ነው ተብሎ ተወስኗል፣ ድሮ በ12 ግራም ካርቦን ነበር የሚተረጎመው፣ አሁን በቀጥታ ቁጥሩ ነው። አንድ ሞል ውሃ 18 ግራም ነው፣ የሾርባ ማንኪያ ሞልቶ ትንሽ ይተርፋል። ታና ውስጥ ያለው ውሃ ወደ 28 ኪሎ ሜትር ኩብ ይገመታል፣ እሱን ሁሉ 18 ሚሊ ሊትር በምትይዝ ጭልፋ እየቀዳችሁ ብትቆጥሩት 1.6×10¹⁵ አካባቢ ጭልፋ ይወጣዋል። ስለዚህ አንዷ ጭልፋ ውስጥ ያሉት ሞለኪውሎች ሐይቁ ውስጥ ካሉት ጭልፋዎች በመቶ ሚሊዮኖች እጥፍ ይበልጣሉ። ደጋግማችሁ አስሉት፣ እኔ ራሴ ሁሌ ይገርመኛል።

ከሞል ጋር አብራ የምትመጣው ስህተት ደግሞ «ሊሚቲንግ ሪኤጀንት ማለት ግራሙ ያነሰው ነው» የምትለው ናት፣ ሊሚቲንግ ሪኤጀንት ግን ቀድሞ አልቆ ሪአክሽኑን የሚያቆመው ነው። 10 ግራም ሃይድሮጅንና 64 ግራም ኦክስጅን አለን እንበል፣ ውሃ ልንሰራ ነው። በአይን ካየነው ሃይድሮጅኑ ነው ትንሽ። ወደ ሞል ስንቀይረው ግን ሃይድሮጅኑ 5 ሞል ሆነ፣ ኦክስጅኑ 2 ሞል። ለአንድ ኦክስጅን ሁለት ሃይድሮጅን ስለሚያስፈልግ 2 ሞል ኦክስጅን 4 ሞል ሃይድሮጅን በልቶ ያልቃል፣ አንድ ሞል ሃይድሮጅን ይተርፋል። የተሰራው ውሃ 72 ግራም፣ የተረፈው ሃይድሮጅን 2 ግራም፣ ድምር 74፣ የገባውም 74 ነበር። ይቺን የመጨረሻዋን ቼክ የሚያደርግ ልጅ ስቶይኪዮሜትሪ ላይ ብዙ አይሳሳትም።

«ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል»፣ «አንድ ሞል ጋዝ 22.4 ሊትር ነው»

ሁለቱም እውነት ናቸው፣ እዚህ ግን አይደለም። 100 ዲግሪ የሚባለው በ1 አትሞስፌር፣ ማለትም ባህር ወለል ላይ ነው። ባሕር ዳር ስሟ ባሕር ትበል እንጂ ወደ 1800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ የአየሩ ፕሬዠር ወደ 0.8 አትሞስፌር ይወርዳል፣ ስለዚህ ውሃችን የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው። ደብረ ታቦር ብትወጡ ከዚህም ይወርዳል። ባቄላና ሽንብራ ቶሎ የማይበስለው አንዱ ምክንያት ይሄ ነው፣ ፕሬዠር ማብሰያ የሚረዳውም ግፊቱን ከፍ አድርጎ የሚፈላበትን ዲግሪ ስለሚጨምረው ነው። እሳት መጨመር ግን አይረዳም፣ አንዴ ከፈላ በኋላ ከሰል ብትጨምሩበት ውሃው ቶሎ ተኖ ያልቃል እንጂ ከ94 አያልፍም። (በነገራችን ላይ ሲፈላ የሚወጣው አረፋ ኦክስጅንና ሃይድሮጅን አይደለም፣ ራሱ ውሃው ነው በጋዝ መልክ። ፈተና ላይ ይመጣል።)

22.4ም እንደዛው፣ በ0 ዲግሪ እና በ1 አትሞስፌር ብቻ ነው። ፔዳ ግቢ ላብ ውስጥ፣ በ25 ዲግሪ፣ በ0.8 አትሞስፌር አንድ ሞል ጋዝ ስንት ይሆናል? 0.08206 በ298 አባዙ፣ ለ0.8 አካፍሉ፣ 30 ሊትር አካባቢ ይመጣል። በ22.4 የሰራ ልጅ ከሩብ በላይ ተሳስቷል ማለት ነው። ስለዚህ ጥያቄው ላይ ቴምፕሬቸርና ፕሬዠር ከተሰጠ 22.4ን እርሱት፣ ፎርሙላውን (PV=nRT) ተጠቀሙ፣ ዲግሪውንም መጀመሪያ ወደ ኬልቪን ቀይሩ።

«ቦንድ ሲሰበር ኢነርጂ ይወጣል»

ይሄ ከባዮሎጂ ክላስ ነው የሚመጣው፣ ኤቲፒ (ሴል ኢነርጂ የሚያገኝበት ሞለኪውል) ተሰብሮ ኢነርጂ ሰጠ ሲባል ሰው የተሰበረው ቦንድ ራሱ የሰጠ ይመስለዋል። ቦንድ ለመስበር ሁሌም፣ ሁሌም ኢነርጂ ይከፈላል። የሚወጣው አዲስ ቦንድ ሲሰራ ነው። ሃይድሮጅንና ክሎሪን ሃይድሮጅን ክሎራይድ ሲሰሩ እዩት፦ የሃይድሮጅኑን ቦንድ ለመስበር 436 ኪሎ ጁል በሞል፣ የክሎሪኑን 243፣ ድምር 679 ከፈልን። ከዛ ሁለት አዲስ ቦንድ ይሰራል፣ እያንዳንዱ 431፣ ድምር 862 ተመለሰልን። ትርፉ 183 ነው፣ ኤግዞተርሚክ (ሙቀት የሚሰጥ) የምንለው ይቺ ትርፍ ያለችውን ሪአክሽን ነው። ከሰል ሲነድ ያን ያህል ሙቀት እየሰጠ ሲጀመር ግን ክብሪት የሚፈልገውም ለዚሁ ነው፣ መጀመሪያ የሚከፈል አለ።

«ስትሮንግ አሲድ ማለት ብዙ የተከማቸ አሲድ ነው»

ስትሮንግና ዊክ የሚለው ውሃ ውስጥ ምን ያህሉ ተለያይቶ አዮን ይሆናል ነው፣ ኮንሰንትሬትድና ዳይሉት የሚለው ደግሞ በሊትር ስንት አለ ነው፣ ሁለቱ አይገናኙም። አሴቲክ አሲድ ዊክ ነው፣ ንጹሁ ግን ቆዳ ያቃጥላል። ሃይድሮፍሎሪክ አሲድም ዊክ ይባላል፣ እሱ ደግሞ ሰው ይገድላል፣ «ዊክ ነው» ብሎ የሚዳፈር እንዳይኖር።

ሎሚም ዊክ አሲድ ነው። ሐይቁ ዳር ሙሉ አሳ ጥብስ ሲመጣ ሎሚ አብሮ የሚቀርበው ለጣዕም ብቻ አይደለም፣ የአሳው ሽታ አሚን ከሚባሉ ቤዞች ነው የሚመጣው፣ የሎሚው አሲድ ፕሮቶን ሰጥቶ ጨው ያደርጋቸዋል፣ ጨው ደግሞ ተኖ አፍንጫ ጋ አይደርስም። በልታችሁ ስትጨርሱ እጃችሁን በሎሚ የምታሹትም ያው ሪአክሽን ነው።

«ኢኩሊብሪየም ማለት ሁለቱ ወገን እኩል ሆነ ማለት ነው»

አይደለም። ሪአክሽኑ ወዲያም ወዲህም ሲሄድ የሁለቱ ፍጥነት እኩል ሆነ ማለት ነው። መጠናቸው 99 ለ1 ሊሆን ይችላል።

«ላብ ነጻ ማርክ ናት»

ሪፖርት ከሲኒየር ገልብጦ ማስገባት የተለመደ ነው፣ የሚታወቅም ነው። ባሕር ዳር ላብ ውስጥ ውሃ ልክ በ100.0 ፈላ ብላችሁ ከጻፋችሁ ወይ ቴርሞሜትሩ ተበላሽቷል ወይ ዳታው ከኢንተርኔት ነው የመጣው፣ የሚያርመው ሰው ደግሞ እዚሁ ከተማ ነው የሚኖረው። ሌላው፣ ማርኩን ተዉትና፣ ሰልፈሪክ አሲድ ስታቀጥኑ ሁሌም አሲዱን ወደ ውሃው ነው ቀስ እያላችሁ የምትጨምሩት። ገልብጣችሁ ውሃውን አሲዱ ላይ ካፈሰሳችሁት ውሃው ቀላል ስለሆነ ላዩ ላይ ይቀራል፣ በሚወጣው ሙቀት እዛው ፈልቶ አሲዱን ይዞ ፊት ላይ ይረጫል። መነጽሩም ለፎቶ አይደለም የሚሰጣችሁ።

«ያለፉት ዓመታት ፈተና እና አንድ ሌሊት በቂ ነው»

የድሮ ፈተና ጥሩ ነው፣ መልሱን ሸፍናችሁ ከሰራችሁት። ከነመልሱ ማንበብ ግን ሁሉም የገባችሁ ያስመስላል፣ ቁጥሩ ተቀይሮ ሲመጣ እጅ ይታሰራል። ታና ዳር ሞጁል ይዞ መሄድም እንደዛው ነው፣ ፎቶው ያምራል፣ ወርክሺቱ ግን ባዶውን ነው የሚመለሰው።

«እኔ ፊልዴ ሌላ ነው፣ ምን ያደርግልኛል»

ዩሪያ የሚባለው ማዳበሪያ ከረጢት ላይ 46 የሚል ቁጥር አለ። ከገጠር የመጣችሁ ታውቁታላችሁ፣ ሜጫም ይልማና ዴንሳም በየቤቱ ነው። ቁጥሩ ከየት መጣ? አንድ ካርቦን 12፣ አንድ ኦክስጅን 16፣ ሁለት ናይትሮጅን 28፣ አራት ሃይድሮጅን 4፣ ድምሩ 60። 28ን ለ60 ስታካፍሉ 46.7 ፐርሰንት ናይትሮጅን። 50 ኪሎ ከረጢት ውስጥ 23 ኪሎ ገደማ ናይትሮጅን አለ ማለት ነው፣ ቀሪው ሌላ ነው። ማሳው ያልተጠቀመበት ናይትሮጅን አፈር ውስጥ ናይትሬት ይሆንና ከሌላ ማዳበሪያ ፎስፌት ጋር በክረምት ጎርፍ ታና ይገባል፣ እንቦጭ ደግሞ በዚሁ ነው የሚደልበው። ግብርና ብትገቡ፣ ውሃ ኢንጂነሪንግ ብትገቡ ይሄው ስሌት ይጠብቃችኋል። ጨርቃጨርቅ የምትሄዱ ማንጣትና ማቅለም ሪአክሽን ነው፣ ሲቪሎች የሲሚንቶ መጠንከር መድረቅ ሳይሆን ከውሃ ጋር የሚደረግ ሪአክሽን ነው። ጤና የምትገቡ ደግሞ ሆስፒታል የሚንጠለጠለው 0.9 ፐርሰንት ሳላይን ስንት ሞላር ነው ትባላላችሁ፣ በሊትር 9 ግራም ጨው ነው፣ ለ58.44 አካፍሉት፣ 0.154 ይመጣል።