ነገም ይሮጣሉ እኮ

በክርስቶስ የተወደዳችሁ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣

እንጦጦ ላይ ሩጫ የጀመርኩ ሰሞን ነው። ጎህ ሳይቀድ ጫካው ደረስኩና ዳገቱን በሙሉ ኃይሌ ተያያዝኩት። አምስት ደቂቃ አልሞላኝም፤ ባሕር ዛፍ ተደግፌ ቆምኩ። ጉሮሮዬ ደርቋል፣ ጆሮዬ ይጮኻል። ቦታው ወደ 3,000 ሜትር ከፍታ አለው፤ አየሩ ስስ ነው። ከታች አትሌቶች በአንድ መስመር፣ አንዱ የሌላውን እግር እየተከተለ፣ በሶምሶማ መጡ። ሁለቱ እያወሩ ነበር። የመጨረሻው ልጅ አጠገቤ ሲደርስ «ጋሼ፣ ቀስ ይበሉ። ነገም ይሮጣሉ እኮ» አለኝና አለፈ።

ነገሩ የገባኝ ዐቢይ ጾም ሲገባ ነው። ያን ዓመት ትልቅ ዕቅድ አወጣሁ። ሰባቱን የጸሎት ጊዜያት ልጸልይ፣ ከሰንበት በቀር በየቀኑ መቶ ስግደት ልሰግድ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ልጾም፣ ዳዊትም ልደግም። ማንንም አላማከርኩም። የጾሙን የመጀመሪያ ሳምንት፣ ዘወረደን፣ በደስታ አሳለፍኩ። በሁለተኛው፣ በቅድስት፣ ወገቤን አመመኝ፤ ሌሊት መነሣት አቃተኝ። በሦስተኛው፣ ምኩራብ ላይ፣ ስግደቱን ተውኩት። አራተኛው፣ መጻጉዕ፣ ሲደርስ ከልጅነቴ ጀምሮ የማልተዋትን የጠዋት አቡነ ዘበሰማያትን እንኳ ሳልል ከቤት መውጣት ጀመርኩ። ከሁሉ የጎዳኝ ይህ ነው። አዲስ የጨመርኩት ሲወድቅ የነበረኝንም ይዞብኝ ሄደ።

ሯጮች ይህን ጉዳት ያውቁታል። በየቀኑ በፍጥነት የሚሮጥ ሰው ወይ ጅማቱ ይጎዳል፣ ወይ ይሰለቻል። ስለዚህ አብዛኛው ልምምዳቸው ቀላል ሩጫ ነው። ቀላሉ ቀን ግን አይዘለልም። ብዙ ሰው አሰልጣኝ «ጨምር፣ ጨምር» የሚል ብቻ ይመስለዋል። ወኔ ያለውን ልጅ ከጉዳት የሚያድነው ግን «ዛሬ ይበቃሃል» የሚለው ቃል ነው።

ንስሐ አባቴ ዘንድ አፍሬ ሄድኩ። አባ ዝም ብለው ሰሙኝና «ማን አዘዘህ ልጄ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። «ጠዋት አንድ አቡነ ዘበሰማያት፣ ሦስት ስግደት። ጾሙን ቤተሰብህ እንደሚጾመው ጹም። እኔ ሳልነግርህ እንዳትጨምር» አሉ። ከመቶ ወደ ሦስት! እንደ ቅጣት ቆጠርኩት። ሦስቱ ደግሞ ከመቶው ይልቅ ከበዱኝ። መቶውን ስሰግድ ራሴን እያየሁ፣ እየቆጠርኩ፣ እየተደነቅሁ ነበር። ሦስቱ የሚያስደንቁ አይደሉም። ታዝዞ መስገድ ብቻ ነው።

ቅዱስ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ስለ ሩጫ የጻፈው ስለሚያውቁት ነው። በከተማቸው አጠገብ በየሁለት ዓመቱ ታላቅ ውድድር ይደረግ ነበር፤ ለአሸናፊው የሚሰጠውም ብዙ ሳይቆይ የሚጠወልግ የቅጠል አክሊል ነበር። «የሚታገልም ሁሉ በነገር ሁሉ ሰውነቱን ይገዛል» ይላቸዋል (1ኛ ቆሮ. 9፥25)። «በነገር ሁሉ» የምትለዋን ልብ በሉ። የውድድሩን ቀን ብቻ አላለም። አበላሉ፣ አተኛኘቱ፣ ማንም የማያየው ተራ ማክሰኞው ሁሉ ይገባበታል። ዝቅ ብሎም «ያለ አሳብ እንደሚሮጥ ሁሉ እንዲሁ አልሮጥም» ይላል። ያን ዓመት እኔ ያለ አሳብ ነበር የሮጥኩት።

የኃይሌ ገብረ ሥላሴን ግራ እጅ ሲሮጥ አይታችሁት ታውቁ ይሆናል። ታጠፍ ብሎ ከጎኑ ይጠጋል። በልጅነቱ አርሲ ውስጥ ትምህርት ቤት ለመድረስ 10 ኪሎ ሜትር ይሮጥ ነበር፤ ደብተሩን በዚያ እጁ ይዞ። አትላንታና ሲድኒ ላይ ለኢትዮጵያ ወርቅ ሲያመጣ ደብተሩ የለም፤ እጁ ግን አልረሳውም። ሰውነታችን በየቀኑ የምናደርገውን እንዲህ ይይዛል። እናቶቻችን ሳያማትቡ እጃቸው ወደ ማዕድ የማይሄደው ለዚህ ይመስለኛል። ያቺ የጠዋት አቡነ ዘበሰማያትም እናቴ ያስያዘችኝ ደብተር ነበረች። በራሴ ጥድፊያ ነው የጣልኳት።

ይህን ስል ጸጋን በልምምድ እንገዛዋለን ማለቴ አይደለም። ስጦታው የእግዚአብሔር ነው፤ እኛ የምንለማመደው እጃችንን መዘርጋት ነው።

ከመካከላችሁ እንደ እኔ ወድቆ ጸሎቱን የተወ ካለ፣ አቁሞበት ከነበረው ቦታ ለመጀመር አይሞክር። ከጉዳት የተመለሰ ሯጭ መጀመሪያ በእግሩ ይራመዳል። ንስሐ አባታችሁን ጠይቁ። የሚሰጧችሁ ትንሽ ቢመስላችሁም ተቀበሉ።

እኔ ሦስቱን ስግደት እስከ ኅዳር ይዤ ቆየሁ። ጾመ ነቢያት ሲገባ አባ «እንግዲህ ከዳዊት በቀን አንድ መዝሙር ጨምር» አሉኝ። አንድ። ዛሬ ጠዋት 41ኛው ላይ ደረስኩ፤ «ዋላ ወደ ውኃ ምንጮች እንደሚናፍቅ» የሚለው ላይ።