«በኖራ የተለሰነ መቃብር» ማለት ምን ማለት ነው? ኖራውስ ለምን?

ላይ ላዩን ጨዋ መስሎ ውስጡ ሌላ የሆነን ሰው «እሱ እኮ በኖራ የተለሰነ መቃብር ነው» እንላለን፣ «ኖራ የተቀባ መቃብር» የሚልም አለ፣ ያው ነው። ግብዝ፣ አስመሳይ ለማለት ነው። ምንጩ ደግሞ ማቴዎስ 23፥27 ላይ ጌታ ጻፎችንና ፈሪሳውያንን የወቀሰበት ቃል እንደሆነ ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። እኔን ግን ሁሌ የሚከነክነኝ ኖራው ነበር። ቆይ ግን መቃብርን ኖራ የሚቀባው ማነው፣ ለምንስ ብሎ?

ነገሩ እንዲህ ነው። በዘኍልቍ 19፥16 መሰረት መቃብር የነካ ሰው ሰባት ቀን ርኩስ ነው። ለፋሲካ ወደ ኢየሩሳሌም የሚወጣ መንገደኛ ሳያውቅ መቃብር ረግጦ በዓሉ እንዳያመልጠው፣ አይሁድ ከበዓሉ በፊት አዳር በሚባለው ወራቸው (የካቲትና መጋቢት አካባቢ ነው) መቃብሩን በኖራ ምልክት ያደርጉበት ነበር፣ የአምናውን ዝናብ ስለሚያጥበው በየዓመቱ እንደገና። ስለዚህ ያ ነጭ ነገር «እዩኝ» ሳይሆን «አትጠጉኝ» ነበር የሚለው! ከሩቅ ሲታይ ግን ፀሐይ ላይ ያበራል፣ ያምራል። አባባሉ በጣም የሚያምመው እዚህ ጋ ይመስለኛል፣ ሰዎቹ የጌጥ አድርገው የለበሱት ነጭ ለሚያውቅ ሰው የርኩሰት ምልክት ነበር። ሉቃስ 11፥44 ላይ ደግሞ ተቃራኒው አለ፣ ሰው ሳያውቅ በላዩ የሚሄድበት የተሰወረ መቃብር፣ ማለትም ኖራ ያልነካው።

ኖራው ራሱ እንዴት እንደሚመጣ ስታዩ ደግሞ ይገርማችኋል። የኖራ ድንጋይ ኮረብታ ጥግ በተቆፈረ ጉድጓድ ወይም በድንጋይ በተሰራ እቶን ውስጥ ይከመርና ከስር እሳት ይለቀቅበታል፣ ወደ 900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መድረስ አለበት፣ በድሮው እቶን ይሄ ቀንና ሌሊት እንጨት እየማገዱ ብዙ ቀን የሚፈጅ ስራ ነው፣ እሳቱ ከደከመ የድንጋዩ መሀል ጥሬ ይቀራል። ከድንጋዩ ካርበን ዳይኦክሳይድ ይወጣና 100 ኪሎ ንጹህ ድንጋይ ወደ 56 ኪሎ ይወርዳል፣ ቅርጹ ግን ያው ድንጋይ ነው! ውሃ ሲነካው ነው ጉዱ የሚታየው፣ ይፋጃል፣ ይፈላል፣ ተሰነጣጥቆ ዱቄት ይሆናል፣ ቆዳና አይን ላይ ካረፈ ያቃጥላል። በውሃ አቅጥነህ ስትቀባው ደግሞ ያንኑ ጋዝ ከአየር ቀስ እያለ መልሶ ይወስድና እንደገና ድንጋይ ይሆናል። መቃብሩ ላይ ያለው ነጭ እንግዲህ በእሳት ያለፈ ድንጋይ ነው፣ ግን ስስ ነው፣ አንድ የዝናብ ወቅት አይሻገርም።

ሰው ሲጣላ ይሄን አባባል ዝም ብሎ ሲወረውረው አልወድም፣ ከባድ ቃል ነው። ሐዋርያት ሥራ 23 ላይ ሊቀ ካህናቱ ሐናንያ ጳውሎስን አፉን እንዲመቱት ሲያዝ፣ ጳውሎስም «በኖራ የተለሰንህ ግድግዳ» ብሎታል፣ መቃብር ባይለውም ነገሩ አንድ ነው። ሊቀ ካህናቱ መሆኑን ሲነግሩት ግን «አላወቅሁም ነበር» አለ፣ የሕዝብህን አለቃ ክፉ አትናገር የሚለውንም ሕግ ራሱ ላይ ጠቀሰ።