የሕንድ ብሔራዊ ጨዋታዎች ምንድን ናቸው?

እ.ኤ.አ. በ2025 የኡታራካንድ ግዛት ባስተናገደችው 38ኛው የሕንድ ብሔራዊ ጨዋታዎች የማሃራሽትራ ግዛት 198 ሜዳሊያ ሰበሰበች። አንደኛ የወጣው ግን 121 ያገኘው ቡድን ነው። ቡድኑ ደግሞ ከግዛቶቹ አንዱ ሳይሆን የጦር ኃይሉ ነው። ጨዋታዎቹን «የግዛቶች ኦሎምፒክ» ብሎ መጥራት ልክ ቢሆንም የማይበቃው ለዚህ ነው።

ጨዋታዎቹን የሚመራው የሕንድ ኦሎምፒክ ማኅበር ነው። 28ቱ ግዛቶች፣ ማዕከላዊው መንግሥት በቀጥታ የሚያስተዳድራቸው አካባቢዎች፣ እንዲሁም የምድር ጦር፣ የባሕርና የአየር ኃይል ጥምር ቡድን ይፎካከሩባቸዋል። መነሻቸው 1924 ሲሆን ዓላማውም ለዚያው ዓመት የፓሪስ ኦሎምፒክ ተወዳዳሪ መምረጥ ነበር። የአሁኑን ስም በ1940 ቦምቤይ ላይ፣ የአሁኑን በኦሎምፒክ አምሳል የተቀረጸ መልክ ደግሞ በ1985 ኒው ዴልሂ ላይ አገኙ።

ደረጃ የሚወጣው በወርቅ ብዛት ነው። የጦር ኃይሉ 68፣ ማሃራሽትራ 54 ወርቅ ስለነበራቸው የብርና የነሐሱ ክምር አልረዳትም። ይህ ሕግ የግዛቶችን በጀት ሳይቀር ይመራል። የሆኪ ቡድን ጨዋታ በጨዋታ አሸንፎ ዋንጫ ቢያነሳ በሰንጠረዡ ላይ የሚቆጠርለት አንድ ወርቅ ነው፤ አንድ ጎበዝ ዋናተኛ ግን በጥቂት ቀናት ውስጥ ብቻውን በርካታ ወርቅ ሊያጠልቅ ይችላል። ስለዚህ ሰንጠረዡ የሚያሳየው የስፖርት ጥንካሬን ብቻ ሳይሆን ገንዘቡ የት እንደፈሰሰም ጭምር ነው።

የጦር ኃይሉ ብልጫ ከቅጥር ይጀምራል። ችሎታ ያለውን ወጣት ከየግዛቱ ይመለምላል፤ ማዕረግና ደመወዝ ይሰጠዋል፤ ፑኔ ከተማ እንዳለው የጦሩ የስፖርት ተቋም ባሉ ማዕከላት ያሠለጥነዋል። በቶኪዮ ኦሎምፒክ በጦር ውርወራ ወርቅ ያገኘው ኒራጅ ቾፕራ የሃርያና ልጅ ነው፤ ጦሩን የተቀላቀለው በ2016 በስፖርት ችሎታው ነው። ቡድኑ በአብዛኛው ወንዶችን እያሰለፈ በ2007፣ 2011፣ 2015 እና 2022 በተከታታይ አንደኛ ወጥቷል። በ2023 ጎዋ ላይ ማሃራሽትራ በ80 ወርቅ ሰንሰለቱን በጠሰችው፤ በ2025 የጦር ኃይሉ አንደኝነቱን መልሶ ወሰደ። የሕንድ የባቡር ድርጅትም ብዙ ስፖርተኛ ይቀጥራል፤ በብሔራዊ ሻምፒዮናዎችም የራሱን ቡድን ያሰልፋል። በእነዚህ ጨዋታዎች ግን ሠራተኞቹ ለየግዛታቸው ይሰለፋሉ። ሁለቱ ቀጣሪዎች በአንድ ዓይን አለመታየታቸው የማያከራክር ጉዳይ አይደለም።

ለመሳተፍ መመዘኛው በብሔራዊ ሻምፒዮና የተገኘ ውጤት ነው። በቡድን ስፖርት ባብዛኛው ስምንት ቡድኖች ይገባሉ፤ ለአስተናጋጁ ግዛትም ቦታ ይያዝለታል። ግዛቶች ለአሸናፊ ጥሬ ገንዘብና የመንግሥት ሥራ ስለሚሰጡ ስፖርተኛው የተሻለ ወደሚከፍለው ማየቱ አይቀርም። ሲዛወር ግን የቀድሞው ግዛት ፌዴሬሽን «ተቃውሞ የለኝም» የሚል ደብዳቤ መስጠት አለበት፤ ውዝግቡም አብዛኛውን ጊዜ የሚነሳው እዚህ ላይ ነው።

አስተናጋጅነት ጥቅም አለው። ኬራላ በ2015 በ162 ሜዳሊያ ሁለተኛ ሆናለች፤ ኡታራካንድም በሜዳዋ 103 ሜዳሊያ አግኝታ ሰባተኛ ወጥታለች። የተያዘላት ቦታ፣ ሜዳውን አስቀድሞ ማወቅና ለዝግጅቱ የሚፈሰው ገንዘብ ተደምረው የሚያመጡት ውጤት ነው።

በወረቀት ላይ ውድድሩ በየሁለት ዓመቱ ነው። በተግባር ግን ጃርካንድ ለ2007 የተሰጣትን ያካሄደችው በ2011 ነው። 36ኛው ለጎዋ ተመድቦ ደጋግሞ ተራዘመ፤ ከኬራላ በኋላ ሰባት ዓመት አልፎ በ2022 ጉጃራት ተረክባ በስድስት ከተሞች አካሄደችው። መዘግየቱን የሚያመጣው ባብዛኛው ያላለቀ ግንባታ ነው፤ ኮሮናም ታክሎበታል። ጉጃራት ግን የጎደለውን ለመሥራት አልጠበቀችም፦ የብስክሌት መም ስላልነበራት በመም የሚደረገውን የብስክሌት ውድድር ዴልሂ ወስዳ አከናወነች።